አጠገቡ ማን አለ?

የአባቴ ስልክ አሁን እኔ ጋ ነው። ቁልፎቹ ላይ የነበሩት ቁጥሮች ተፍቀው የጠፉ፣ የጀርባ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ አሮጌ ኖኪያ። ከአርባው ማግስት እናቴ በመሀረብ ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችውና «በጮኸ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል፤ ውሰጂልኝ» አለችኝ። «ላጥፋው?» ብላት ግን አልፈቀደችም።

«አታጥፊው። ያልሰማ ሰው ይኖራል።»

ነበረ። በመጀመሪያው ወር ብቻ ዘጠኝ ሰው ደውሎ «ጋሼ!» ብሎ ጀመረ። በመጀመሪያው ደዋይ ላይ የሠራሁትን ጥፋት ኋላ እነግራችኋለሁ።

አባዬ መርዶ ነጋሪ ነበር። እንጀራው እንኳ አይደለም፤ የምንኖረው በቴሌ ደመወዙ፣ ኋላም በጡረታው ነው። ግን ደሴ፣ እኛ ባደግንበት በቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የአንድ ሰው ወንድም አሰብ ወይም ጅዳ ወይም አዲስ አበባ ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚገባው እኛ ቤት ነበር። ምሽት ላይ አንድ ሰው በራችንን ገፋ አድርጎ «ጋሼ አሉ?» ይላል። ድምፁ ዝቅ ያለ ከሆነ እናቴ ሻይ አትጥድም፤ እኛን ሰብስባ ወደ ጓዳ ታስገባናለች። የጭቃ ግድግዳ ምን ይሸፍናል? ሁሉም ይሰማል። የሟቹ ስም፣ የት እንደሞተ፣ መቼ እንደተቀበረ። አባዬ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ያዳምጥና አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሁልጊዜ ያው ጥያቄ ነው።

«አጠገቡ ማን አለ?»

ሟቹ አጠገብ ማለቱ አይደለም። ገና ያልሰማው ሰው አጠገብ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር እዚህ መዘርዘሬ ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ከንጋት በፊት እንደሚኬድ፣ ማታ እንደማይነገር፣ ነፍሰ ጡር እስክትገላገል እንደሚጠበቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙዎቻችሁም በሩ ሲንኳኳ ከውስጥ በኩል ነበራችሁ። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ነገሩን የማውቀው ከውጭ በኩል፣ ከሚያንኳኩት ሰዎች ጎን ነው። ያንን ነው መጻፍ የፈለግኩት።

ነገሩ የጀመረው በቴሌግራም ነው። አባዬ ቴሌ የተቀጠረው በ1962 ዓ.ም፣ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሳለ ነው። ስለ መሥሪያ ቤቱ ሲያወራ ከምኒልክ ይጀምራል፤ ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው የመጀመሪያው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር መሆኑን ራሱ ምሰሶ የተከለ ይመስል በኩራት ይናገራል። ቴሌግራም ያኔ የሚከፈልበት በቃል ተቆጥሮ ነው፤ ስለዚህ ማንም አይንዛዛም። «እናትህ በጠና ታማለች ቶሎ ድረስ።» አምስት ቃል። ላኪውም፣ ተቀባዩም፣ መሣሪያው ላይ የተቀመጠው አባቴም እናትየዋ መሞቷን ያውቃሉ። «በቴሌግራም ሰው አይሞትም፤ ይታመማል እንጂ» ይለን ነበር።

አንድ ቀን ቢሮው ሊዘጋ ሲል የመጣው መልእክት ግን ይህን ደንብ የማያውቅ ሰው የላከው ነበር። ለአንዲት ሴት አባትሽ ሞቷል ይላል፤ በቃ። መልእክት አድራሹ ልጅ ብስክሌቱን ይዞ ሄዷል፤ ስለዚህ ለነገ። አባዬ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ቤቱ ገባ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለው። «ነገ ጠዋት ልጁ ደጇ ላይ ብስክሌቱን ያቆምና ፈርሚ ይላታል። ፈርማ ታነበዋለች። ማንበብ የማትችል ከሆነ ደግሞ ያ ልጅ ቆሞ ሊያነብላት ነው።» የሴትየዋ ባል የአሰብ መስመር ሹፌር ስለነበር ቤት አይገኝም። አባዬ በሌሊት ተነሥቶ የሄደው እሷ ቤት አይደለም፤ ግድግዳ ለግድግዳ የምትዋሰናቸውን ልብስ ሰፊ ነው የቀሰቀሰው።

ልብስ ሰፊው ኋላ ሐጂ የተባሉት ሰው ናቸው። በዚያ ሌሊት በሩን በኩራዝ ከፍተው አንድ የማያውቁትን ጎረምሳ ሲያዩ «ምን ሰረቅክ?» ነው ያሉት። ይህን እየደጋገሙ ሲያወሩት ሁለቱም ሃምሳ ዓመት ሳቁበት።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አልተለያዩም። አንዱ መስቀል በአንገቱ፣ አንዱ ቆብ በራሱ፣ ጨለማ ለጨለማ የደሴን ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ። ሙስሊም ጎረቤት ሲሞት የአባዬ ንጋት እንደማይሠራ ያስተማሩት ሐጂ ናቸው፤ ቀብሩ በዕለቱ ነውና። «አንተ ሰውዬ፣ እስኪነጋ ስትጠብቅ ልጁ የሚደርሰው የአባቱ አፈር ላይ ነው» ብለው ተቆጡት። አባዬ ደግሞ ሐጂን ያስተማራቸው ቃሉን ነው። እሱ «አረፈ» አይልም፤ «ተለየን»ም አይልም። አንድ ጊዜ ለአንዲት ጆሯቸው የደከመ አሮጊት «ወንድምዎ አርፈዋል» ቢላቸው «ተመስገን፣ እስቲ ትንሽ ይረፉ፣ ደክመው ነበር» ብለው ቡና ሊያፈሉ ተነሡ። ያን ቀን ማለ። «ደጅ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ዙሩ፤ ቤት ከገባችሁ ግን አትዙሩ» የሚለው ደንቡ ከዚያ የመጣ ነው።

በ1987 ዓ.ም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የአባዬ ዓይን በጨለማ ማየት ስለተሳነው ባትሪ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ወንድሜ ደግሞ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት የማይነሣ ግንድ ነው። እናቴ እየተቃወመች እኔ ሄድኩ። ቤቱ ሳላይሽ ነበር፤ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ሴት ናት። ልጇ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ሚሌ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል፤ እዚያው ቀብረውታል። አራት ሆነን ሄድን፦ አባዬ፣ ሐጂ፣ ውሃ በጆግ የያዘች ጎረቤቷ፣ ባትሪ የያዝኩት እኔ።

አጥሩ ጋ ስንደርስ አባዬ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። ከውስጥ ምጣድ ይሰማል። ሊጡ ሲፈስ ያቺ «ሽሽሽ» የምትል ድምፅ፣ ከዚያ አክንባሎው ሲገጠም።

«እሳት ላይ ናት» አለ በሹክሹክታ። «እሳት ላይ ያለ ሰው አይነገረውም።»

አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ከጦሳ የሚወርደውን የንጋት ብርድ ደሴ ያደገ ያውቀዋል። ሐጂ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ፤ አባዬ ኮቱን አውልቆ እኔ ላይ ጣለው። እኔ የምሠራው ሳጣ እንጀራውን በድምፅ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት። እያንዳንዱ ሲወጣ ሴትየዋ ከራሷ ጋር የሆነ ነገር ታወራለች፤ አንዴም ሳቀች። አሥራ አንድ እንጀራ ቆጥሬያለሁ። ዛሬ ላይ ሳስበው ያ ግማሽ ሰዓት ከአባቴ ሕይወት ሁሉ የበለጠ ስለ እሱ የሚነግረኝ ይመስለኛል። ሊሰጣት የሚችለው ነገር አሥራ አንድ እንጀራ ብቻ ነበር፤ ሰጣት።

ምጣዱ ዝም አለ። አመድ ልትደፋ በሩን ከፈተችና አየችን። አባዬ አንድ እርምጃ ቀረበ፤ የልጇን ስም ጠራ። «ሞቷል። ሚሌ ላይ። ከትናንት ወዲያ ተቀበረ» አለ በአንድ ትንፋሽ። ሴትየዋ የአመዱን ቆርቆሮ ጥላ ደረቱን በሁለት እጇ ትደልቀው ጀመር። አንገቱን ቧጠጠችው። ወደ ኋላ አላለም፤ እጇንም አልያዘም። ቤት ስንመለስ እናቴ ቁስሉን በአልኮል እየጠረገች «ምነው እጇን እንኳ ብትይዛት» ብትለው ቀና ብሎ አያትና፦

«ታዲያ ማንን ትምታ?» አለ።

ያን ሌሊት የጋገረችው እንጀራ ለራሷ ለቅሶ ቤት ሆነ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆመው አባቴን ቅዱስ አድርጌው እቀር ነበር። አልነበረም። ግትር ነው፤ ዕርቅ ሲያስታርቅ ጥፋተኛውን ሳይሆን ቶሎ የሚለሰልሰውን ሰው ነበር የሚጫነው፤ ይህን እህቶቼ ትዳር ከያዙ በኋላ በደንብ ቀምሰውታል። እኔን ደግሞ በራሱ ሙያ አስቀይሞኛል።

በ1995 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ያሳደገችኝ አያቴ፣ የእሱ እናት፣ ፈተናዬ ሊጀምር ሁለት ቀን ሲቀረው ሞተች። በየእሑዱ ከሕዝብ ስልክ በካርድ እደውላለሁ። «አያቴስ?» ስል «ተኝታለች» ይለኛል። ሦስት እሑድ ተኛች። ፈተናዬን ጨርሼ ቤት ስገባ እናቴ ጆግ ይዛ በረንዳው ላይ ቆማለች፤ እሱ ከፊቷ። ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ገባኝ። እንደ ደንቡ በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ።

አልመታሁትም። ይልቅ «የሌላ ሰው ልጅ ብሆን ሦስት ሳምንት ትደብቀኝ ነበር?» አልኩት። የክረምቱን ዕረፍት ሙሉ በደንብ አላናገርኩትም። ለቅሶ እኮ አብሮ ሲለቀስ ነው። እኔ ስደርስ ድንኳኑ ፈርሷል፣ የሁሉም እንባ ደርቋል፤ ጎረቤት «አይ እናት፣ እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ብቻዬን እንደ አዲስ ሳለቅስ ቤተሰቤ በትዕግሥት ይመለከተኛል፤ ልክ አርፍዶ የመጣ እንግዳ ምሳ እስኪጨርስ እንደሚጠበቀው። ፈተናውንም ያለፍኩት በመካከለኛ ውጤት ነው፤ ለዚያ ነው እንግዲህ።

ስንት ዓመት ቆይቶ፣ ልጅ ወልጄ ለጥየቃ ሄጄ፣ ደጅ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ማንም ሳይጠይቀው «ያንቺን ነገር ዛሬም ለራሴ አልፈረድኩትም» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እኔ ግን ፈርጄበታለሁ፤ ተሳስቶ ነበር። ከእሱ ያልሰማሁትን ሐጂ ናቸው የነገሩኝ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሰዎች መጥተው «ልጁ ፈተና ስላለበት ይቆይ» ሲሉት «እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልጉ» ይላቸው ነበር አሉኝ።

ለእሱ ማን ይነግረዋል የሚለውን ሰፈሩ ሁሉ ይፈራው ነበር። ደረሰ። ታላቅ ወንድሙ ባሕር ዳር ሞተ። ሐጂ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው፣ ጆግ የያዘች ሴት አሰልፈው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በራችንን አንኳኩ። አባዬ ከውስጥ «ማነው?» አላለም። መብራት አበራ። ጫማውን አጠለቀ። ነጠላውን ዘቅዝቆ ለበሰ። ከዚያ በሩን ከፍቶ የሁሉንም ፊት በተራ አየና «ወንድሜ ነው አይደል? ግቡ፣ ብርድ ነው» አላቸው። ሐጂ እስከ ዛሬ ይናደዳሉ። «የሙያ ሰው ሬሳም ሆኖ ያስቸግራል! አንድ ቃል እንኳ ሳያስተነፍሰን እኮ ነው» ይላሉ። እናቴ ግን ከጓዳ ሆና ሌላ ነገር አይታለች፤ ጫማውን ያጠለቀው ግራና ቀኙን አዛውሮ ነበር።

በ2014 ዓ.ም ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴ ገባ፤ ስልክ ተቋረጠ። እኔ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆኜ በየሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ደረጃው ላይ ኮቴ ከተሰማ ስንት ሰው እንደሆነ እቆጥራለሁ። አንድ ከሆነ ጥበቃው ነው። ሁለት ከሆነ ታች ያሉት ባልና ሚስት ከሥራ ገቡ። ሦስት ኮቴ ሰምቼ ግድግዳ ይዤ የቆምኩበት ሌሊት አለ፤ አልጋ የሚያወጡ ሰዎች ነበሩ፤ በዚያ ሰዓት አልጋ! ኅዳር ማብቂያ ላይ ከተማዋ ተለቀቀች፤ ቆይቶም መስመሩ ተመለሰ። የመጀመሪያው ጥሪ የእሱ ነበር። «አለን» አለ። ቀጥሎ «እናትሽን ላቅርብልሽ።» ስለራሱ ይኸው ነው። በዚያ ሁሉ ሳምንት ስንት ሰው የት እንደወደቀ ያልሰማ ቤተሰብ ተጠራቅሞ ነበር፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሁለት ሰዎች ዱላቸውን ይዘው በየንጋቱ እንደወጡ እናቴ ናት ያወራችኝ።

በዓመቱ፣ በ2015 ዓ.ም ኅዳር፣ የኔ በር ተንኳኳ።

ምንም አላለምኩም፤ ልቤም አልነገረኝም። ሰው እንደዚህ ሲል እሰማለሁ፤ እኔ ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። በበሩ ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ የሐጂ ልጅ ቆሟል፤ አዲስ አበባ ነው የሚነግደው። ከጎኑ የቤተ ክርስቲያናችን አንድ አባት። ይህ ብቻ ቢሆን ራሴን ላታልል እችል ነበር፤ ሰው በሌሊት የሚመጣበት ሺህ ምክንያት አለ። ከኋላቸው ግን ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ቆማለች፤ ቡና እንኳ አብረን ከሁለት ጊዜ በላይ አልጠጣንም። ነጠላ ለብሳ ጆግ ይዛለች።

ጆጉን ሳይ አለቀ። በሩን ሳልከፍት ወደ ውስጥ ዞሬ የጋዝ ምድጃው መጥፋቱን አየሁ። ለምን እንዳየሁ ያኔ አልገባኝም ነበር።

«አባትሽ ሞቷል። ትናንት 10 ሰዓት ላይ፣ እቤቱ፣ አልጋው ላይ» አለ የሐጂ ልጅ። በአንድ ትንፋሽ። ከማን እንደተማረው ግልጽ ነው። ደረቱን ደለቅሁት፤ ወደ ኋላ አላለም።

ካናዳ ያለው ወንድሜ ግን እንደዚህ አልሆነለትም። ጓደኞቹ ተጠራርተው በማግሥቱ ንጋት ቤቱ ሊሄዱ ተስማምተው ነበር፤ እሱ በዚያው ቀን ሥራ ቦታው ምሳ እየበላ ስልኩን ሲከፍት አንድ የሩቅ ዘመዳችን የአባዬን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎ፣ ሥሩ ሰማንያ ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎበታል። ሰማንያ ሰው ከልጁ ቀድሞ። አጠገቡ አብሮት ይበላ የነበረ አንድ ሰው ቋንቋው ሳይገባው «ጥሩ ዜና ነው?» ብሎ ጠየቀው አለኝ። ለጣፊው ክፉ አስቦ አይደለም። ቢሆንም ይቅርታ ለማድረግ ጊዜ ወስዶብኛል፤ እውነቱን ለመናገር ገና እየወሰደብኝ ነው።

በመኪና ወጣን። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ነበር፤ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ሰንበቴን፣ አጣዬን፣ ከሚሴን አለፍን። ኮምቦልቻ ላይ ያለውን ዳገት ስንጀምር ማልቀሴን ትቼ እንደ ሕፃን ጠመዝማዛውን ስቆጥር ራሴን አገኘሁት። ለቀብሩ ደረስን። ስለ ቀብሩ ብዙ አልጽፍም፤ ሕዝቡ ብዙ ነበር። ከሕዝቡ መሃል ግን አንዲት ያረጁ ሴት ወደኔ መጥተው እጃቸውን ደረቴ ላይ አድርገው ዝም አሉ። ያላወቅኋቸው መስሏቸው «ሳላይሽ ነኝ፤ እንጀራ ጋጋሪዋ» አሉኝ።

ሐጂ ከሰልስቱ በኋላ ነው የነገሩኝ። አባዬ በክረምቱ ጠርቶ «እሷን በስልክ እንዳትነግሯት፤ ግን ደግሞ ታሟል ብላችሁ መኪና ላይ እንዳትጭኗት፤ ያኔ ያደረግኩባት ይበቃል» ብሏቸዋል። «ጎረቤቴን ግን እንዴት አገኛችኋት?» አልኳቸው። ሐጂ በመገረም አዩኝ። «ቁጥሯን እሱ ነዋ የሰጠን። አብሽሪ ልጄ፣ አባትሽ እንዲያው ሰው የሚወድ ይመስልሽ ነበር?»

ከሁለት ዓመት በፊት ሊጠይቀኝ መጥቶ ሳለ በየፎቁ እየዞረ ከጎረቤቶቼ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ አፍሬበት ነበር። «አባዬ፣ እዚህ ሰው እንደዚያ አይደለም» ብዬዋለሁ። ስቆ ዝም አለ።

ከአርባው በኋላ ስልኩ እጄ ሲገባ ማውጫውን ከፈትኩ። ከሁለት መቶ በላይ ቁጥር አለ። የዘመዶቻችን ስም ፍለጋ ብገባ የማገኘው ሌላ ነው፤ «የጅዳው ልጅ ጓደኛ»፣ «ሐዋሳ አከራይዋ»፣ «የወንድሜ ልጅ ጎን ባለሱቅ»፣ «ጎንደር ጎረቤት»። ከራሳቸው ከዘመዶቹ ይልቅ አጠገባቸው ያለውን ሰው ነው የመዘገበው። ወደ ታች ስወርድ «ልጄ 3ኛ ፎቅ» የሚል አገኘሁ።

እንግዲህ ያ ጥፋቴ። የመጀመሪያዋ ደዋይ በአባዬ ጊዜ አብራው ቴሌ የሠራች፣ «ወንድሜ» የምትለው ሴት ናት። እኔ ያን ሁሉ አይቼ፣ ያን ሁሉ ተምሬ፣ ስልኩ ሲጮህ ደንግጬ አነሣሁትና «አባዬ ሞቷል» አልኳት። ቃሉ ልክ ነበር፤ የእሱ ቃል ነው። ቀጥሎ የሰማሁት ስልኩ ሲወድቅ ነው። መስመሩ አልተዘጋም። የገበያ ጫጫታ ይሰማል፤ አንድ ሰው ስለ ሽንኩርት ይከራከራል፤ ልጆች ይሮጣሉ። ሁለት ደቂቃ ያህል ያንን ገበያ ሰማሁ። አጠገቧ ማን እንዳለ አልጠየቅኩም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ዘጠነኛው ደወለ። ጎንደር ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው የተሰባበረ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ስልክ መያዝ ትተው እንደነበር፣ አሁን የልጅ ልጃቸው ሠርቶ እንደሰጣቸው በረጅሙ ነገሩኝ። «ጋሼን አቅርቢልኝማ» አሉ።

«ተኝቷል» አልኳቸው።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ሃያ ዓመት ያኮረፍኩበት ቃል ነው።

«በይ ተዪው፣ አልቀሰቅሰውም። ነገ እደውላለሁ» አሉኝ፤ እኔም «እሺ አባቴ» ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ ማውጫውን ከፍቼ «ጎንደር ጎረቤት» ላይ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሣች። ማን እንደሆንኩ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ሽማግሌው ከማን ጋር እንደሚያድሩ፣ ልባቸው እንዴት እንደሆነ፣ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚነሱ ጠየቅኳት። ብቻቸውን ነው የሚያድሩት አለችኝ፤ ባለቤቷን እና አንድ የሰፈር አባት ይዛ እንደምትሄድ፣ እሳቸው ከሻይ በፊት ጸሎት ስለሚያደርሱ ጸሎቱን እስኪጨርሱ እንደሚጠብቁ ነገረችኝ። እኔ ሳልላት።

በዚያ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነቅቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሻይ ጣድኩ፤ አልጠጣሁትም። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን የአባዬ ስልክ ጮኸ፤ የሽማግሌው ቁጥር ነው። አንሥቼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። አልተናገሩም፤ እኔም አልተናገርኩም። የሚተነፍሱት ይሰማኛል። ከኋላቸው ሰው ሲንቀሳቀስ፣ ወንበር ሲጎተት፣ ከዚያ የዚያች ሴት ድምፅ፦

«እንኩ አባቴ፣ ጎንበስ ይበሉና ፊትዎን ይታጠቡ።»